የጎሚስታው ጀርባ

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሕመም፦ 2 ከ10። የተራመድኩት፦ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት፣ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ።

ይህን ደብተር የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ከሆስፒታል ስወጣ ቦንቱ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ዕድሜዋ ከልጄ ከሮሐ ብዙም የማይበልጥ፣ «ጋሽ ዓምሃ፣ ሕመምዎን በየቀኑ ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ይጻፉልኝ። ምን ያህል እንደተራመዱም። ሌላም የተሰማዎትን ሁሉ» ብላ አዘዘችኝ። ዜሮ ምንም የለም ማለት ነው፣ አስር የማይቻል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ የለጠፍኩ ጎሚስታ ነኝ። ለአንዲት ፍሬ ልጅ «ሰባት አመመኝ» ብዬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ሁለት ደህና ቁጥር ነው። ዜሮ ውሸት ይመስላል፣ ሦስት ደግሞ ልመና።

ጀርባዬን ለዚህ ያበቃው የሲኖ ጎማ ነው። ክሪክ ነበረን፣ ሰውም ነበረን። አብሮኝ የሚሠራው ባጫ «አለቃ ተው፣ ለሁለት እናንሳው» ብሎኛል። ግን ሹፌሩ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ እርዳታ መቀበል አልችልም። ብቻዬን አነሳሁት። ማንሳቱንስ አነሳሁት፣ ያስቀመጠኝ ግን እሱ ነው። ከወገቤ እስከ ግራ እግሬ ጣት እሳት ወረደ። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ፤ ስምንት ወር አንክሼ፣ ስምንት ወር «ቀላል ነው» ብዬ፣ ሐምሌ 18 ቀን ኦፕራሲዮን ሆንኩ።

ሐምሌ 24
ሕመም፦ 2። የተራመድኩት፦ እስከ በረንዳ።

ትናንት ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ሊያስወጡኝ ሲሉ ሚስቴ ብርቅነሽ መድኃኒት ልትገዛ ወርዳ ሳለ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ፈድሉ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ደስ አይለኝም።

«አቶ ዓምሃ፣ ኦፕራሲዮኑ በደህና አልቋል። ዲስኩን ስናወጣ ግን ነርቮቹን የሸፈነችው ስስ ሽፋን ትንሽ ተቀድዳ ነበር። ያጋጥማል፤ እዚያው ሰፍተናታል። ውስጧ ያለው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። እቤት ሆነው ከቁስሉ እንዲህ ያለ ውሃ ካዩ፣ ወይም ሲነሱ ራስዎን ፈልጦ ሲተኙ የሚተውዎት ከሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳያሳድሩት። ወዲያው ይምጡ።»

«ለጠፍናት በሉኛ!» አልኩት።

«ሰፋናት» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም።

ብርቅነሽ ተመልሳ «ምን አለህ?» ስትለኝ «ከባድ አታንሳ አለኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እሱንም ብሏል። ምን ላድርግ? ወንድሟ ዮናስ እኛው ቤት ነው ያለው። ዓምና ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረችው እብጠት በኦፕራሲዮን ወጣችለት፤ ንግግሩም አብሯት ወጣ። ሰው ያውቃል፣ ይስቃል፣ ራሱን ችሎ ይላጫል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «እሺ»። ሲስማማም እሺ፣ ሲናደድም እሺ። ብርቅነሽ የኔን ኦፕራሲዮን ስትሰማ ሦስት ቀን አለቀሰች። «የኔ እኮ ጀርባ ነው፣ ከጭንቅላት ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ በእመቤቴ ስም ምዬላታለሁ። አሁን ስለ ቀዳዳ ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም። ደግሞ ተሰፍቷል አሉ አይደል? በቃ።

ሐምሌ 27
ሕመም፦ 2። የተራመድኩት፦ እስከ ሰፈሩ ሱቅ። ባለሱቁ «ደህና ሆንክ?» ሲለኝ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ «እንደ ወታደር!» አልኩት። ለዚያች ቀጥ ማለት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስከፍል ዋልኩ።

ስለት አለብኝ። መርፌ ሊወጉኝ ሲሉ፣ የአልጋው ጎማ ሲንጫጫ (ግራሶ ያስፈልገው ነበር)፣ «እመቤቴ ማርያም፣ ከዚህ በእግሬ ቆሜ ከወጣሁ እንጦጦ ድረስ በእግሬ መጥቼ በጠበልሽ እጠመቃለሁ» አልኩ። ይኸው ቆሜያለሁ። ብርቅነሽ ስለቱን ታውቃለች። «በጥቅምት ትሄዳለህ፣ ስትድን። እመቤቴ አትቸኩልም» ትላለች። እኔ ግን ዱቤ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሰማዩም እንደኔ ሱቅ የሚሠራ ይመስለኛል።

ነሐሴ 1
ሕመም፦ 2። ክሩ ወጣ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ የተሰፋበትን ክር አወጡልኝ። ነርሷ «ደርቋል፣ ጥሩ ነው። ግን ገና ውሃ አይንካው። ዳገት አይውጡ፣ አያጎንብሱ» አለችኝ። ለሁሉም እሺ አልኩ። ከዮናስ ጋር ከኖሩ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ፍልሰታ ገባ። ብርቅነሽ «አንተ በሽተኛ ነህ፣ የንስሐ አባታችንም ፈቅደውልሃል፣ ቁርስህን ብላ» አለች። የዓምሃ ወንድነት የት ይግባ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ማንም አላደነቀኝም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ
ሕመም፦ 2።

ሄድኩ! በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። አሁን ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ብርቅነሽና ሮሐ ለቅዳሴ ቁስቋም ሄዱ። እኔ «ትንሽ ልተኛ» አልኩ። በሩ ሲዘጋ ተነስቼ ነጠላዬን ለበስኩ። ዮናስ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። «ዮናስ፣ አላየኸኝም» አልኩት። «እሺ» አለ። ምስጢር ለማስቀመጥ ከእሱ የተሻለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

ስለቱ በእግር ነበር። ሽሮ ሜዳ ደርሼ ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው ግን እግሬ ሳያማክረኝ ታክሲ ውስጥ ገባ። ግማሽ መንገድ ላይ ሕሊናዬ አስቸገረኝ፤ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ። በዕድሜ ከእናቴ የማታንስ ሴትዮ፣ ከራሷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ቁልቁል ስትመጣ አየችኝ። ሸክሟን እንደተሸከመች ቆማ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አለችኝ። እኔ የተሸከምኩት ነጠላ ብቻ ነበር።

ጠበሉ ጋ ሰልፍ ነው። የሚያጠምቁት አባ ስብሐት ከመጀመራቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኦፕራሲዮን ያለበት፣ ቁስል ያለበት፣ ሐኪም ከውሃ የከለከለው ካለ ይጠጣ፣ መስቀል ይሳለም፤ አይጠመቅ። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» አሉ። አንዲት ልጅ እግሯ ላይ ፋሻ ነበራት፤ ወጣች፣ ጠጣች፣ ሄደች። ምንም ነውር አልነበረውም። እኔ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ተራዬ ሲደርስ «ጎንበስ በል» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። የነሐሴ የእንጦጦ ውሃ! ከማጅራቴ እስከ ወገቤ በረዶ ወረደ። እዚያው ጎንብሼ ሳለሁ ወገቤ ላይ ብጥስ ያለች ነገር ተሰማችኝ። ደዌው ለቀቀኝ ብዬ አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ በደስታ አለቀስኩ።

ብርቅነሽ ስትመለስ ፀጉሬ እርጥብ ነበር። ታጥቤ ነው አልኳት።

ነሐሴ 5
ሕመም፦ 2።
ሸሚዜ ከወገቤ ላይ ረጥቧል። ጠበል ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጠበል በፎጣ አይደረቅም፣ ሰውነት ላይ ይድረቅ ትል ነበር። አልነካሁትም።

ነሐሴ 6
ሕመም፦ 2።
ራሴን ይፈልጠኛል። ጾሙ ነው። ሸሚዝ ቀየርኩ። ዝናብም አለ፣ ቤቱም እርጥበት አለው፣ ምን ይደርቃል?

ነሐሴ 8
ሕመም፦ 2። የተራመድኩት፦ እንተወው።

አስቂኝ በሽታ ያዘኝ። ስቀመጥ ራሴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይደርሳል፤ ስተኛ ደግሞ እንዳልነበረ ይጠፋል። ስንፍናዬ በሽታ ሆኖ ሊመዘገብልኝ ነው። ከሳሎን ሮሐ «እማዬ፣ አባዬ ለምንድነው ሁልጊዜ ተኝቶ የሚያወራን?» ስትል ሰማሁ። ብርቅነሽ «ጾሙ ነው። ተው ብዬው ነበር፤ መቼ ሰው ይሰማል» አለች።

ዮናስ ዛሬ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና እጁን ወገቤ ላይ አደረገ። ከዚያ መዳፉን ፊቴ ላይ ዘረጋልኝ። ረጥቧል። «ጠበል ነው ዮናስ፣ ተባረክ» አልኩት። ሄዶ ፎጣ አምጥቶ ወንበሬ ላይ አነጠፈ። «ጠበል በፎጣ አይደረቅም» ብዬ መለስኩለት። «እሺ» አለና መልሶ አነጠፈው።

የዶክተሩ ነገር ትዝ አለኝ። እሱ ያለው ግን ከውስጥ ስለሚመጣ ውሃ ነው። ይሄ ከውጭ የገባ ነው፤ እኔው ራሴ ቆሜ ያስገባሁት።

ነሐሴ 9
ሕመም፦ 2።
ቦንቱ ደወለች። «ራስ ምታት አለ ጋሽ ዓምሃ?»
«ኧረ የለም።»
«ቁስሉ ደርቋል? ፈሳሽ የለም?»
«ደርቋል ልጄ፣ እንደ ቆዳ!»
ስልኩን የያዝኩት ተኝቼ ነው። ስለዚህ ራስ ምታቱ በዚያች ሰዓት እውነትም አልነበረም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ
ሕመም፦ 2።

ባጫ ሙዝ ይዞ መጣ። ስለ ሥራ አወራኝ፤ አንድ የታክሲ ጎማ አስቸግሮታል፣ ባዶውን ሲሆን አየር ይይዛል፣ ሰው ሲጫን ይተነፍሳል። «በርሜሉ ውስጥ ነክረህ ጫነው፤ አረፋ የምትሰጥህ ቦታ አለች» አልኩት። ትልቅ አለቃ ሆኜ ማብራሪያ ልሰጠው ወደ ግድግዳው ዞር ስል ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ቀረ።

«አለቃ፣ ጀርባህ ርሷል።»
«ጠበል ነው። ለብርቅነሽ እንዳትነግር፣ እንጦጦ ወጥቼ ነበር።»
«መቼ?»
«እሑድ።»
በጣቱ ቆጠረ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሸሚዝ ስንቴ ቀየርክ?»
«በቀን... እ... ሁለቴ።»
«ያ ዋቃዮ! አለቃ፣ አንድ ደንበኛ ጎማ ይዞ መጥቶ ‹እሑድ የነካው ውሃ ነው› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

 የምለውን አውቀዋለሁ። ከውጭ የነካው ውሃ ይደርቃል፤ ዕለት ዕለት የሚመጣ ከሆነ ቀዳዳ አለ። ይሄን ለስንቱ ሹፌር ነግሬዋለሁ፤ ስንቱንስ ሰድቤዋለሁ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» ብሎ ተነሳ ባጫ። «አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።» ያዝኩት። ፍልሰታ እስኪፈታ፣ ስድስት ቀን ብቻ አልኩት። ሐኪም ጋ ከሄድኩ ብርቅነሽ ሁሉንም ታውቃለች፤ እንጦጦ መሄዴን ታውቃለች፣ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሮኝ እንደነበርም ታውቃለች። «እስከ ሰኞ» አለኝ። «ሰኞ ጠዋት ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።» ሙዙን ትቶት ሄደ። ባጫ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ነሐሴ 11
ሕመም፦ 2
ብርድ። ሦስት ብርድ ልብስ። አንገቴ አልታጠፍ አለ። ብርቅነሽ ይሄ አንገት ድሮም አይታጠፍም ትላለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሚስማር ይመታል። መብራቱን አጥፉት አልኩ። ነገ እነግራታለሁ። ነገ ጠዋት።

ነሐሴ 12
ሕመም፦
ዮናስ ፎጣውን ከስሬ ሳበው። ወዴት ነው የሚወስደው

ነሐሴ 20
በጀርባዬ ቀጥ ብዬ ተኝቼ፣ ደብተሩን ወደ ጣሪያው ይዤ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶው ወደ ላይ አይጽፍም፤ በየሁለት መስመሩ አራግፈዋለሁ። ቦንቱ ታነባለች፣ ስለዚህ ልጨርሰው።

ዮናስ ያን ዕለት ጠዋት ርሶ የተጨማለቀውን ፎጣ ወስዶ ጓዳ ብርቅነሽ እጅ ላይ አስቀመጠው። እሷ የፈሰሰ ነገር ጠርጎበት መስሏት ልትጨምቀው ነበር። እጇን ይዞ እየጎተተ እኔ አልጋ ድረስ አመጣት፤ ብርድ ልብሱን ገለጠና ጀርባዬን አሳያት። «እሺ» አላት። «እሺ! እሺ!» ይጮህ ነበር አሉ። እኔ አላስታውስም፤ ትኩሳቱ ወስዶኝ ስለ ሲኖ ጎማ እለፈልፍ ነበር። ምስጢሬን የጣልኩበት ሰው እሱ ነው፤ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ሰኞ ነበርና ባጫ መኪና ይዞ ደረሰ። ቁስሉ ተከፍቶ ኖሯል፤ ከአከርካሪዬ ሲወጣ የነበረው የነርቭ ፈሳሽ ነው። በዚያው ቀዳዳ ደግሞ ተህዋስ ገብቶ ማጅራት ገትር ይዞኛል። በድጋሚ ቀደዱኝ፣ በድጋሚ ሰፉኝ። ለአስር ቀን ራሴን ከትራስ እንዳላነሳ ተከለከልኩ። ፍልሰታ ተፈታ፤ ዶሮው አልፎኝ በሽታው ብቻ ደረሰኝ።

ዶክተር ፈድሉ መጥቶ ወንበር ሲስብ ብርቅነሽ አጠገቤ ነበረች። «አቶ ዓምሃ፣ ውሃ ካዩ ወዲያው ይምጡ ብዬዎት አልነበር?» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ጥፋቱ የኔም ነው። ለእርሳቸው ብቻ መንገር አልነበረብኝም።»

እሷ ሐኪሙን አመሰገነች፣ በር ድረስ ሸኘችው፣ ተመልሳ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር። አራት ቀን እንዲሁ። ትመግበኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ታገላብጠኛለች፣ አታናግረኝም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። በስድብ ጥሩ ነኝ፣ መልስ አላጣም።

በአምስተኛው ቀን ማንኪያውን አስቀመጠች። «ለማርያም ነገርካት» አለች። «ለባጫ ነገርከው። ለዚህ ደብተር ሁሉን ጻፍክለት። ዮናስ እንኳ አፍ ሳይኖረው ነገረኝ። እኔ ምንህ ነኝ፣ ዓምሃ?»

ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ አንድ ሁለት አላጣም ነበር። «አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ...» አልኩ። «እኔማ ፈርቼ አውቃለሁ» አለች። «አንዱን ቀበርኩት ብዬ አልቅሼ፣ ይኸው እሺ እያለ አብሮኝ ይኖራል። ፍርሃት አይገድለኝም። አንተ ነህ ልትገድለኝ የነበረው።» አፈርኩ። ጣሪያው ላይ አፍጥጬ እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ በጀርባ የተኛ ሰው መደበቂያ የለውም።

ጳጉሜን 3
ሕመም፦ 2።
ቤት ገባሁ። አንድ ጆሮዬ ውስጥ ኮምፕሬሰር ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል ተባልኩ። ግራ እግሬ ጣቶቹን ወደ ላይ አላነሳ ብሏል፤ ነጠላ ጫማዬን መንገድ ላይ ጥዬው እሄዳለሁ። ዮናስ ከኋላዬ እየተከተለ ያነሳልኛል።

ቦንቱ እቤት ድረስ መጣች። ደብተሩን ገልጣ አየችው። «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት... ጋሽ ዓምሃ፣ ይሄ ቁጥር ነው ወይስ ማኅተም?» አለች። ብርቅነሽ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ በደህናው ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቦንቱ ስታዝን ደግሞ አየሁ። «በየቀኑ ትክክለኛውን ቢጽፉልኝ እኮ በነሐሴ ስድስት እይዝዎት ነበር» አለችኝ።

ባጫ ለስለቱ ምን አሰብክ አለኝ። «አባ ስብሐት ጋ ሄጄ መዋሸቴን እናዘዛለሁ፣ መጀመሪያ» አልኩት። «ታክሲውንም ጨምርበት» አለኝ።

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሕመም፦ 7።

ከላይ ያለው ቁጥር በኔ እጅ የተጻፈ አይደለም። የብርቅነሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝና ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አነሳችው። አጠገቤ ተቀምጣ እስክሪብቶውን ከፈተች። «ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩን እኔ ነኝ የምጽፈው። ስንት ልበል?»

«ሁለት» አልኩ። አፌ ለምዶታል።

አልጻፈችም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳቆመች እንጦጦን ታያለች። ዮናስ ጫማዬን እግሬ ሥር እያስተካከለ ቀና ብሎ አየኝ። ግራ እግሬ ይነድዳል፣ ወገቤ ላይ የተሰፋው ይጎትታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። እሷ አልቸኮለችም።

«ሰባት» አልኩ።

ጻፈችው። ከዚያ «የቱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ፤ ነገርኳት።